የብርሃን ልክ በአዋሽ ሸለቆ፦ ከመስታወት ሰሌዳ እስከ ሂስቶግራም

አዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ ውስጥ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በባቡር ሐዲዱ ምክንያት የተቆረቆረችው የአዋሽ ከተማ ከባሕር ጠለል ከ900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ በሚወርደው አውራ ጎዳና ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ሰመራ ደግሞ ከ450 ሜትር በታች ዝቅ ብላ ትገኛለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል የተዘረጋው አገር ነጣ ያለ ደለልና አሸዋ፣ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ፣ በወንዙ ዳር የሚለመልም ዛፍ፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ወንዶች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ባለትዳር ሴቶችና በፀሐይ የጠየመ ፊት በአንድ እይታ ውስጥ የሚገናኙበት በመሆኑ፣ ካሜራ ከተፈለሰፈበት ጊዜ ጀምሮ ለፎቶግራፍ አንሺው እጅግ የሚያጓጓም እጅግ የሚፈትንም ሥፍራ ሆኖ ኖሯል።

ፈተናው በፎቶግራፍ ሙያ ኤክስፖዠር ከሚባለው ነገር ይነሣል። ኤክስፖዠር ማለት ፊልሙ ወይም በዲጂታል ካሜራ ውስጥ የፊልምን ቦታ የተካው ሴንሰር ሥዕሉ በሚነሣበት ቅጽበት የሚደርሰው የብርሃን መጠን ሲሆን፣ ይህም ብርሃኑ በሚያልፍበት የሌንስ ቀዳዳ ስፋትና መዝጊያው ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ይወሰናል፤ ምን ያህል ብርሃን እንደሚበቃ የሚወስነው ደግሞ የፊልሙ ወይም የሴንሰሩ ንቃት ነው። ብርሃኑ ሲበዛ ነጩ ነገር ሁሉ ዝርዝር የሌለው ባዶ ነጭ ይሆናል፣ ሲያንስ ደግሞ ጥላውና ጥቁሩ ተዋሕደው አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ስለዚህ የኤክስፖዠር ታሪክ በአመዛኙ የመሣሪያ ታሪክ ተደርጎ ይጻፋል። የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም የብርሃኑ ልክ ትክክል መሆን አለመሆኑ የት ቦታና መቼ ይታወቅ ነበር የሚለው ነው። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ይህ ዕውቀት የሚገኘው ከሸለቆው ርቆ፣ ጉዞው ካበቃ በኋላ ነበር፤ ሂስቶግራም የተባለው ሠንጠረዥ ያመጣው ዋና ለውጥም ዕውቀቱን ሥዕሉ ወደሚነሣበት ቦታና ሰዓት መመለሱ ነው።

መመለስ የሚለው ቃል በቦታው ነው፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ዘመን ፎቶግራፍ አንሺው የሥራውን ውጤት እዚያው ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ አርፎ ወደ መቅደላ ሲወጣ የሮያል ኢንጂነርስ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በዚያ ዘመን በሰፊው ይሠራበት የነበረው ዘዴ እርጥብ ኮሎዲዮን የሚባለው ሲሆን፣ የመስታወት ሰሌዳ ብርሃን የሚሰማው ኬሚካል ከተቀባ በኋላ ሳይደርቅ ተነሥቶ ወዲያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ዘዴው ከባድ ሸክም የሚጠይቅና ሙቀት ሰሌዳውን በቶሎ ስለሚያደርቀው በቆላ እጅግ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ብርሃኑ በዝቶ ወይም አንሶ እንደሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልክቶ፣ የሚያነሣው ነገር ገና ከፊቱ ሳይጠፋ ሌላ ሰሌዳ ማንሣት ይችላል።

ይህን ጥቅም ያሳጣው ራሱ የቴክኖሎጂው እድገት ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ደረቅ ሰሌዳ፣ ከእ.ኤ.አ. 1888 ወዲህም የኮዳክ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ጥቅል ፊልም፣ ማንሣትንና ማጠብን ለያያቸው። በዚህ ሽግግር ወቅት በሐረር የንግድ ወኪል የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ከአገሩ ባስመጣው ካሜራ የራሱንና የከተማዋን ሥዕሎች አንሥቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውሃ መጥፎ ስለነበር ሥዕሎቹ መንጣታቸውን ጽፏል። ራምቦ ከሦስት ዓመት በኋላ ከባሕር ዳርቻዋ ከታጁራ ተነሥቶ የጦር መሣሪያ የጫነ ቅፍለት እየመራ በአፋር በረሃ አልፎ አዋሽን ተሻግሮ ሸዋ ገብቷል፤ የሐረሩ ልምዱ የሚያሳየው ግን ከኬሚካልና ከንጹሕ ውሃ የራቀ ፎቶግራፍ አንሺ ብርሃኑን በትክክል ቢለካ እንኳ ውጤቱን ማዳን እንደማይችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 እንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ በፊልም ላይ የሚወድቀው ብርሃን ሲጨምር የፊልሙ ጥቁረት እንዴት እንደሚጨምር በመስመር ሥለው አሳተሙ። መስመሩ በሁለቱም ጫፎች ጎበጥ ብሎ የሚተኛ በመሆኑ ፊልም የሚይዘው ብርሃን ከታችም ከላይም ወሰን እንዳለው አስረዳ፤ ከዚያ ወዲህ የኤክስፖዠር ዳኝነት በግምት ላይ ብቻ የቆመ ሳይሆን የሚለካ ነገር ሆነ።

በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ሥር የሰደደው ግን በቤተ መንግሥትና በከተማ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና እሱን የተኩት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም የነገሥታቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው ሲያገለግሉ፣ ብርሃኑን መቆጣጠር በሚቻልበት ስቱዲዮ ከጨለማ ክፍሉ አጠገብ ይሠሩ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የአዋሽ ጣቢያ መንገደኞች የሚያድሩበት ማረፊያ ሆነ፤ ባቡሩ በመጀመሪያው ዘመን በቀን ብቻ ይጓዝ ስለነበር የሦስት ቀን መንገደኛ አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያሳልፍ ነበር። ስለዚህ ሸለቆውን አቋርጦ ወደ ሰሜን ለሚወርድ አሳሽ አዋሽ የመጨረሻዋ የሐዲድ በር ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የግመል መንገድ ሆኖ፣ የተነሣ ፊልም ሁሉ ሳይታይ የሚከርምበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1928 የማዕድን መሐንዲሱ ሉዶቪኮ ኔስቢት ከሁለት ጣሊያናውያን ባልደረቦቹ ከፓስቶሪና ከሮዚና ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ የአፋርን ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን ከሦስት ወር በላይ በፈጀ ጉዞ አቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ከዚያው ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ የወንዙን መጨረሻ ፍለጋ ወረደ፤ በሚቀጥለው ዓመት በአውሳ ሱልጣን መሐመድ ያዮን አግኝቶ፣ ወንዙ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚያበቃ አረጋግጦ ታጁራ ወጣ። ቴሲጀር በዚህ ጉዞ የያዘው የአባቱ የነበረውን አሮጌ ኮዳክ ካሜራ ሲሆን፣ ላይካ የተባለውን ካሜራ የገዛው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያ ዘመን ተጓዥ ብርሃኑን የሚወስነው በልምድና ከፊልሙ ጋር በሚመጣው መመሪያ ወረቀት ላይ ተደግፎ ነበር፤ ከወራት በኋላ ፊልሙ ሲታጠብ ስሕተት ቢገኝ ተመልሶ የሚታረምበት ዕድል አልነበረም። ቴሲጀር በረጅም ዕድሜው ያነሣቸው 38,000 ያህል ኔጋቲቮች ዛሬ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ፤ የአዋሽ ሸለቆ ሥዕል ገና ከጅምሩ በሌላ አገር የሚታጠብ፣ በሌላ አገር የሚታተምና በሌላ አገር የሚቀመጥ ሆኖ ቀረ።

ግምትን ለመተካት የመጣው መሣሪያ ላይት ሜትር፣ ማለትም የብርሃን መለኪያ ነው። ዌስተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 በብርሃን ኃይል የሚሠራ መለኪያ ለፎቶግራፍ አንሺዎች አቀረበ፤ በኋላም መለኪያው ካሜራው ውስጥ ገባ። ከሚነሣው ነገር ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ግን አንድ ግምት ይዞ ይሠራል፤ በፊቱ ያለው ነገር በአማካይ ከሚወድቅበት ብርሃን 12 እስከ 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ይህ ግምት ለለመለመ መስክ ሲሠራ ለአፋር ምድር አይሠራም። በገዋኔ ሜዳ ላይ ነጭ አቧራ የሞላበትን እይታ መለኪያው ግራጫ ለማድረግ ሲል ብርሃን ስለሚቀንስ በመካከሉ የቆመው ሰው ፊት ይጠቁራል፤ በሰመራ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ግራጫ ለማድረግ ሲል ብርሃን ስለሚጨምር ነጩ ልብስ ዝርዝሩን አጥቶ ይነጣል። ሌላ ያልተነገረ ግምትም ነበር። ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ይልክ የነበረውና በሙያው ‹ሸርሊ› ካርድ ተብሎ የሚታወቀው የቀለም ማመሳከሪያ ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ምስል ብቻ የያዘ ስለነበር፣ የቀለም ፊልም ሲታተም ትክክለኛ የሚባለው የፊት ቀለም በእርሷ ቆዳ የተለካ ነበር። የጠየመ ፊት በደማቅ ፀሐይ ሲነሣ በጥላ ውስጥ መዋጡ ስለዚህ የፎቶግራፍ አንሺው ድክመት ብቻ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 በሐዳር ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የተባለችውን ቅሪተ አካል ሲያገኙ የአዋሽ ሸለቆ የዓለም ዓይን ያረፈበት ሥፍራ ሆነ፤ የታችኛው አዋሽ ሸለቆም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። የዚያ ዘመን መጽሔቶች የሚፈልጉት ስላይድ የሚባለውን ፊልም ነበር። ስላይድ ራሱ የመጨረሻው ሥዕል በመሆኑ በማተም ጊዜ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ የሚችለው የብርሃን ልዩነትም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ስሕተት እንኳ አይቀበልም። መድኃኒቱ አንዱን ነገር በተለያየ የብርሃን መጠን ሦስቴም አምስቴም ደጋግሞ ማንሣት ነበር፤ ይህም ፊልም ያባክናል፣ ሰዎችና እንስሳት በሚንቀሳቀሱበት ቦታም ያንኑ ቅጽበት ደግሞ ማግኘት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ፖላሮይድ በደቂቃ ውስጥ የሚታይ ሥዕል በመስጠቱ ባለሙያዎች ለሙከራ ይጠቀሙበት ነበር፤ ከእርጥብ ኮሎዲዮን በኋላ የጠፋውን ውጤቱን በቦታው የማየት ዕድል በከፊል የመለሰውም ይኸው ነው።

ሂስቶግራም ፎቶግራፍን ከመርዳቱ በፊት የስታቲስቲክስ መሣሪያ ነበር። ቃሉን በ1890ዎቹ ያስገባው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፒርሰን ሲሆን፣ ትርጉሙም የተቆጠሩ ነገሮችን በመጠናቸው ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ክፍል ብዛት በዓምድ ቁመት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ማለት ነው። ይህ ሠንጠረዥ በአዋሽ ሸለቆ ምስሎች ላይ መሥራት የጀመረው ከምድር ካሜራዎች በፊት ከሰማይ በወረዱት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጀመሪያዋ የላንድሳት ሳተላይት ከመጠቀች ወዲህ የምድር ምስል በቁጥር ተመዝግቦ ይመጣ ጀመር፤ ከ1982 ወዲህ በተላኩት ሳተላይቶች ላይ የተገጠመው ቴማቲክ ማፐር የተባለው መሣሪያ የእያንዳንዱን ነጥብ ብሩህነት ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይመዘግብ ነበር። እንዲህ ያለ ምስል ጥሬውን ሲታይ ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ስለሆነ፣ ባለሙያው ሂስቶግራሙን ተመልክቶ በጠባብ ክልል የተከማቹትን ቁጥሮች ወደ ሁለቱም ጫፎች ይዘረጋቸዋል፤ ያን ጊዜ አንዱ የድንጋይ ዓይነት ከሌላው ይለያል። ብርሃነ አስፋው፣ ጊዳይ ወልደገብርኤልና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ ቅሪተ አካል ያለባቸውን ሥፍራዎች በኢትዮጵያ ለመመዝገብ ባካሄዱት ጥናት ከጠፈር የተነሡ ምስሎችን ተጠቅመዋል፤ ከተገኙት ሥፍራዎች መካከልም በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ የሚገኘው ከሰም ቀበና አንዱ ነው።

ያው ዘዴ በእጅ በሚያዝ ካሜራ ውስጥ የገባው ቀስ እያለ ነው። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሲሲዲ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1969 ፈለሰፉት፤ በኮዳክ የሚሠራው ስቲቨን ሳሰን በ1975 10,000 ነጥቦች ብቻ ያሉትን የመጀመሪያ ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሂስቶግራም በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ላይ መታየት ጀመረ። አነባበቡ ከባድ አይደለም። አግድም መስመሩ ከግራ ጥቁር እስከ ቀኝ ነጭ በ256 ደረጃዎች የተከፈለ ሲሆን፣ የዓምዶቹ ቁመት በእያንዳንዱ የብሩህነት ደረጃ ላይ ስንት ፒክስሎች፣ ማለትም ሥዕሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ እንዳሉ ይናገራል። ጉብታው በቀኙ ጠርዝ ላይ ተቆልሎ ከተቆረጠ ብዙ ነጥቦች ዝርዝር አልባ ነጭ ሆነዋል ማለት ነው፤ በግራው ጠርዝ ከተቆረጠ ጥላው ተውጧል።

ይህ በአዋሽ ሸለቆ ልዩ ዋጋ ያገኘው በራሱ በብርሃኑ ምክንያት ነው። ከቀትር ፀሐይ በታች የካሜራው ስክሪን ላይ ያለው ሥዕል በነጸብራቅ ስለሚደበዝዝ ዓይን ትክክለኛውን ብሩህነት መፍረድ አይችልም፤ የሂስቶግራሙ ቅርጽ ግን ደብዝዞም ቢሆን ይነበባል፣ በስክሪኑ ብርሃን መጨመርና መቀነስም አይለወጥም። ሆኖም ጥሩ የሚባል አንድ ቅርጽ የለም። የነጭ ደለል ሜዳ ሂስቶግራም ወደ ቀኝ፣ የጥቁር ድንጋዩ ወደ ግራ ማድላት አለበት፤ አቧራ የሸፈነው አድማስ በመካከል የተሰበሰበ ጠባብ ጉብታ ይሰጣል፤ ዳቦይታ ከሚባለው በሰሌን ከተሸፈነው የአፋር ቤት ውስጥ በሩን ትይዩ የተነሣ ሥዕል ደግሞ አንዱ ለጥላው ሌላው ለደጁ ፀሐይ የሚቆሙ ሁለት የተራራቁ ጉብታዎች ያሳያል። ነጩን ሜዳ ያነሣ ሰው ጉብታውን በመካከል ካገኘው መለኪያው እንዳሳሳተው ያውቃል፤ የሚነሣው ሰው ገና ከፊቱ እንደቆመም ብርሃን ጨምሮ ያስተካክለዋል።

ሙያተኞች ከዚህ አልፈው ሌላ ሥርዓት አውጥተዋል። ካናዳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ማይክል ራይክማን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ዘዴ ብርሃን ሳይቆረጥ ሂስቶግራሙ የተቻለውን ያህል ወደ ቀኝ እንዲጠጋ አድርጎ ማንሣት ነው። ሴንሰር ብርሃንን የሚቆጥረው በቀጥታ ስለሆነ፣ ሴንሰሩ የመዘገበው ሳይቀናበር በሚቀመጥበት፣ 4,096 ደረጃዎች ባሉት ጥሬ ፋይል ውስጥ ብሩሁ ግማሽ 2,048ቱን ይይዛል፣ ቀጣዩ ግማሽ 1,024ቱን፣ እንዲህ እያለ ጥላው ጥቂቶቹን ብቻ ይወስዳል፤ ስለዚህ ብርሃን ያነሰበት ጥላ በኋላ ሲገለጥ የተዘበራረቁ ነጠብጣቦች ይወጡበታል። የሰመራ ሙቀት ይህን ያባብሳል፤ ብርሃን ሳይኖር በሴንሰሩ ውስጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በእጥፍ ገደማ ስለሚያድግ፣ በሌሊት መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ኮከብ የሚያነሣ ሰው ጉዳቱን ጎልቶ ያየዋል። ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። ካሜራው የሚያሳየው ሂስቶግራም ከጥሬው ፋይል ሳይሆን ካሜራው ራሱ ካዘጋጀው፣ ጄፔግ ከሚባለው ምስል የሚወጣ ስለሆነ ጥሬው ገና የያዘውን ዝርዝር ጠፍቷል ሊል ይችላል፤ ሦስቱን ቀለማት አደባልቆ የሚያሳየው ሠንጠረዥም በጀንበር መጥለቂያ ቀዩ ቀለም ብቻውን ሲቆረጥ ላያስታውቅ ስለሚችል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሂስቶግራሞችን ለየብቻ ማየት ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ገደብ ግን ሂስቶግራም የሚቆጥር እንጂ የሚያውቅ አለመሆኑ ነው። በሰፊ ነጭ ሜዳ ላይ የቆመ አንድ ሰው ፊት ከሥዕሉ ነጥቦች ጥቂቶቹን ብቻ ስለሚይዝ በሠንጠረዡ ላይ የሚታየው ከሥር እንደተሳለ ቀጭን ጭረት ሆኖ ነው፤ ከሜዳው ግዙፍ ጉብታ ይልቅ ያ ጭረት እንደሚበልጥ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። የላይት ሜትሩ መካከለኛ ግራጫና የሸርሊ ካርድ ውሳኔውን ቀድመው፣ ሩቅ አገር ላይ ወስነውት ይመጡ ነበር። ሂስቶግራም በአንጻሩ ምንም አማካይ ሳይደነግግ በፊቱ ያለውን እንዳለ ቆጥሮ ያቀርባል፤ ውሳኔውን ቦታውንና ሰዉን ለሚያውቀው ይተወዋል።

ስለዚህም የዚህ መሣሪያ ታሪካዊ ፋይዳ በማን እጅ እንደገባ ሳይታይ አይሟላም። የአዲስ ፎቶ ፌስትን እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ በ2018 የውሃ ችግርን የሚያሳዩ ሥዕሎቿን ያነሣችው በዚያው በአፋር ክልል በዳሎል ነው፤ የክልሉ በረሃ በኢትዮጵያዊት ፎቶግራፍ አንሺ ዓይን ለዓለም የቀረበበት ሥራ ነበር። በአሳይታ ምትክ ርእሰ ከተማ በሆነችው ሰመራ በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ ዛሬ አንድ ተማሪ በእጅ ስልኩ ላይ እንኳ ሂስቶግራም የሚያሳይ ፕሮግራም ጭኖ፣ ኔስቢትና ቴሲጀር በግምት ያለፉበትን ምድር ውጤቱን እያየ ማንሣት ይችላል። ይህ ዕድል ትምህርትን ይጠይቃል፤ የሠንጠረዡን አነባበብ የሚያስተምር፣ የተነሣውን ሥዕል ከነጥሬ ፋይሉ በክልሉ ውስጥ የሚያስቀምጥ ተቋምም ይጠይቃል። የሸለቆው ያለፈ መቶ ዓመት ምስል በኦክስፎርድና በመሰል ከተሞች ተከማችቶ ቢቀርም፣ የሚመጣው ዘመን ሥዕል በአዋሽና በሰመራ ሊነሣ፣ ሊፈረድበትና ሊጠበቅ የማይችልበት ቴክኒካዊ ምክንያት ከእንግዲህ የለም።